የወፍጮ ወረፋ የያዘች መኪና

ጎጃምን የማውቃት በባሌ በይሄነው አፍ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ብርዷ፣ ስለ ማሯ፣ ስለ ጤፏ ስሰማ ኖሬ፣ እግሬ ሳይረግጣት ፀጉሬ መሸበት ጀመረ። ሰበብ አይጠፋም፤ አንዴ ሥራ ይበዛል፣ አንዴ መንገዱ አያስኬድም ይባላል፣ አንዴ መኪና የለንም። ዘንድሮ ግን ሰበብ የሚያሳጣ ስልክ መጣ። ይህን የምጽፈውም እንደኔ "አንድ ቀን እሄዳለሁ" እያሉ ለሚቀሩ ነው፤ ባይሄዱ እንኳ መንገዱን ይወቁት ብዬ።

የደወሉት እትዬ ብርቄ ናቸው፣ የባሌ የይሄነው ታላቅ እህት። ደብረ ማርቆስ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ማስተዋል የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ ሴት ናት።

"ሰናይት፣ ማስተዋል የልጄ ክርስትና እናት አንቺ ካልሆንሽ ብላ አሻፈረኝ ብላለች። ሰማንያዋ እሁድ ነው። ትመጫለሽ አትመጪም?"

"እመጣለሁ፣ እትዬ" አልኩ። ስልኩን ዘግቼ የምሠራበት ፋርማሲ ጓዳ ገባሁና ከሽሮፕ ካርቶኖች መሀል ቆሜ አለቀስኩ። እኔና ይሄነው ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ካቆምን ቆይተናል፤ ሰውም መጠየቁን ትቷል። "እናት" የሚለው ቃል ከስሜ ጋር ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አርብ

መኪናዋ የኔ ናት፤ አነስ ያለች የኤሌክትሪክ መኪና። ኮተቤ ከቤቴ እስከ ፋርማሲው ስመላለስባት አንድ ቀን አስቀይማኝ አታውቅም። ነዳጅ ማደያ በር ላይ የተኮለኮለውን ሰልፍ ባለፍኩ ቁጥር ደስታዬ ነው። ይሄነው ግን አይወዳትም። የሚያስተምረው ቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ በወጣትነቱ ውጭ አገር ሄዶ የተማረው ስለ ሃይድሮጅን መኪና ነበር፣ እስከ ዛሬም ከሃይድሮጅን ፍቅር አልወጣም። "ባትሪ እንደራሴ ነው፤ ንጉሡ ገና መንገድ ላይ ነው" ይላል። እኔም "ንጉሥህ እስኪመጣ በእንደራሴው እንሂድ" አልኩትና የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደን ተነሳን።

እንጦጦን ወጥተን ሱሉልታን ስናልፍ ሰማዩ ሰፋ። አዲስ አበባ ሰማይ የሚታየው በፎቅና በፎቅ መሀል ተቆራርጦ ነው፤ እዚህ ግን ሙሉውን ዘርግተውታል። ከመምሸቱ በፊት ፍቼ ደርሰን አልጋ ያዝን። ዕቅዳችን መኪናዋን እዚያ ሌሊቱን ሞልተን፣ በማግስቱ ለምሳ ደብረ ማርቆስ መድረስ ነበር።

የሆቴሉ ባለቤት፣ ወፍራምና ሳቂታ ሰውዬ፣ የሚሰካውን ገመድ ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

"ይቅርታ እመቤት፣ ሌሊት አትፈነዳም? ስልኬ ላይ አንዷ ስትቃጠል አይቻለሁ።"

ይሄነው ይደሰታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን አስተማሪነቱ አሸነፈው። "ባትሪዋ እሳት የሚይዛት ከስንት አንዴ ነው፤ የነዳጅ መኪና ይብሳል" አለው። "ከያዛት ግን በባልዲ ውሃ አትጠፋም፤ እውነቱን ልንገርህ። ስለዚህ ከክፍሎቹ ራቅ አድርገን እናቁማት።" ራቅ ብላ ስትቆም ደግሞ ገመዱ አልደርስ አለ። ሰውዬው በደግነት ሦስት ቀጫጭን ኤክስቴንሽን ቀጣጥሎ አመጣ። ይሄነው በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረጋቸውና "የሚያቃጥለን ባትሪው ሳይሆን ይሄ ነው" ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ ባለቤቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ከፍቶ፣ ወፍራሙን መስመር ሰጠን። ሽሮ በልተን ተኛን፤ ሽሮው ከኛ ቤቱ ይልቅ በርበሬው ይበዛል፣ ግን ይጣፍጣል።

ቅዳሜ

ጠዋት ስንነሳ መብራት የለም። እኛ ተኝተን ሳለ ጠፍቶ ኖሯል። መኪናዋ ከግማሽ ብዙም ፈቀቅ አላለች። ባለቤቱ የራሱ ጥፋት ይመስል አንገቱን ደፍቶ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቋጥሮ ሰጠን። "ጎሐ ጽዮን መብራት ይኖራል" አለን። ጎሐ ጽዮንም አልነበረም።

እዚያ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመን ተነጋገርን። መመለስ ቀኑን መብላት ነው። ይሄነው መሬቱን እያየ "ቁልቁለቱ ትንሽ ይመልስልሻል" አለ። ያለው ሁሉ እውነት ሆነ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ የባትሪው ቁጥር አንድ አንድ እያለ ወደ ላይ ሄደ፤ መኪናዋ ራሷን እየያዘች መብራት ታመርታለች። ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ ዝንጀሮዎች አጥር ላይ ተቀምጠው ይመለከቱናል። እኔ እየዘመርኩ ነበር የምነዳው። ድልድዩን ተሻገርን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ዳገት ነው። ያገኘነውንም የነበረንንም ይበላው ጀመር።

ከዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ተሳቢ ቆሞ፣ ሾፌሩ ከፈላው ራዲያተር ራቅ ብሎ ይጠብቃል። እኛም ትንሽ እናስብ ብለን ከኋላው ቆምን። ሾፌሩ ሲያየን ጀሪካኑን አንስቶ ወደኛ መጣ።

"እናንተም ፈላባችሁ? ውሃ ላፍስላችሁ? እኔ ተርፎኛል።"

"እግዜር ይስጥህ፤ ይቺ ውሃ አትጠጣም" አልኩት።

"የኔዋ ብትሆን ጭራሽ ውሃ ትሰጥህ ነበር" አለ ይሄነው። የሃይድሮጅን መኪና ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ይህን ሺህ ጊዜ ነግሮኛል።

"የትኛዋ የርስዎ?" አለ ሾፌሩ ዙሪያውን እያየ።

እኔ ስስቅ እንባዬ መጣ። ይሄነውም ሳቀ፤ ሾፌሩ ምን እንዳሳቀን ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ደጀንም መብራት የለም። አንድ ሻይ ቤት ያለች ሴት ግን ሉማሜ እህቷ ጋ ደውላ "እዚያስ አለ" አለችን። ሉማሜ እስክንደርስ ስንተነፍስ እንኳ ባትሪ የሚበላ ይመስለን ነበር። ሬዲዮውንም፣ ማቀዝቀዣውንም፣ ክርክራችንንም አጠፋን። ከተማው መግቢያ ላይ መኪናዋ ቀይ መብራት አብርታ፣ እንደ ደከመው በቅሎ እየተጎተተች አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ደረሰች። "ወፍጮ ካለ ጥሩ መስመር አለ" አለ ይሄነው፣ ሮጦም ገባ።

ባለ ወፍጮዋ ወይዘሮ ዘርትሁን ይባላሉ። ሽፋሽፍታቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው ወጡና መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

"ይህቺ ደግሞ ምን ልታስፈጭ መጣች?"

በሩ ላይ ጆንያና አህያ ይዘው የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ሶኬት ግን አልከለከሉንም። ሰካን፤ አረንጓዴ በራ፤ እልል ልል ስል ወፍጮው ተነሳ። ቤቱ ውስጥ ያለው አምፖል ፈዘዘ፣ የኛም መብራት ቀይ ሆነ። ወፍጮው ሲቆም ይሞላል፣ ሲነሳ ያቆማል። እንዲህ እየሆነ ጥቂት ሞከርን፤ የገባልን ነገር ግን ወደ ደብረ ማርቆስ ቀርቶ ከከተማው አያወጣም። በሚኒባስ እንሂድ ብለንም መንገድ ዳር ቆመን ነበር፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ጢም ብለው ነው የሚያልፉት። ከመሸ ደግሞ በዚያ መንገድ ሰው አይሄድም። ክርስትናው ነገ ማለዳ ነው።

ወረፋ የያዙት ሰዎች መኪናዋን ከበቧት። ከፊት ያሉት አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሁለት ጆንያ ስንዴ ጋር ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው እማማ ጥሩዬ አሉ፤ ጥያቄ አያልቅባቸውም።

"ዝናብ ቢመታት አትነዝርም?"

"አትነዝርም፣ እማማ። ተሸፍኖ ነው የተሠራው" አለ ይሄነው።

"ከዚህች ሌላ ዓይነትስ አለ?"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ሃይድሮጅን ከአየር ሁሉ የቀለለ ጋዝ እንደሆነ፣ በጠንካራ በርሜል ታጭቆ እንደሚያዝ፣ ቢያፈተልክ መሬት ላይ ሳይተኛ ሽቅብ ወደ ሰማይ እንደሚሸሽ፣ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ እንኳ ሳይቆይ ሞልቶ እንደሚያልቅ ነገራቸው። የሚወጣው ውሃ ነው ሲል እማማ ጥሩዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"ውሃ የምትሸና መኪና! የት አለች?"

"እኛ አገር ገና አልመጣችም።"

"ጋዟስ የት ይሞላል?"

"ማደያውም የለም። ጋዙን ለማውጣትም ብዙ መብራት ይፈጃል፤ ያንኑ መብራት ለባትሪ ቢሰጡት ከእጥፍ በላይ ያስኬዳል" አለ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ የሚጎዳውንም አይደብቅም።

"ታዲያ የሌለችውን እያመሰገንክ ያለችውን ታማለህ?" አሉት ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

እማማ ጥሩዬ ግን አልጨረሱም። "ቆይ፣ እሺ፣ ሁለቱም ቢኖሩ ለልጅህ የቷን ትገዛለህ?"

ይሄነው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ወደኔ ዞር ሲል ዓይኑን አየሁትና እኔ መለስኩ።

"ልጅ የለንም፣ እማማ። ነገ ግን አንዲት ልትሰጠን ነው፤ ደብረ ማርቆስ ክርስትና ላነሳ ነው የምሄደው። ማለዳ ካልደረስኩ ሌላ ሰው ያነሳታል።"

ለምን እንዲህ ፊት ለፊት እንደተናገርኩ አላውቅም። አዲስ አበባ ጎረቤቶቼ እንኳ ከኔ አፍ ሰምተውት አያውቁም። እማማ ጥሩዬ እጄን ያዙ። አያ ፈንቴ ከጆንያቸው ላይ ተነሱ።

"ዘርትሁን፣ አጥፊው ይሄን ወፍጮ። ስንዴዬ ሰኞም ስንዴ ነው።"

"ኧረ እኔ ነገ ማኅበር አለብኝ!" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። "አንድ ቁና ዱቄት ቤቴ የለም። እንግዳ ምን ላብላ?"

እውነቷን ነው። ሰዉ ተንጫጫ፤ አንዱ ይታገሥ ይላል፣ አንዱ ይፈጭላት ይላል። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘርትሁን ፈረዱ፤ የባለ ማኅበሯ ሴት ጤፍ ይፈጫል፣ ከዚያ ወፍጮው ይቆማል። ይሄነው ኮቱን አውልቆ ጆንያዋን ተሸከመላት፣ ዱቄቱንም እስከ አህያዋ አደረሰ። ከዚያ የሌሎቹንም እህል ወረፋቸው እንዳይፋለስ በተራቸው ወደ ውስጥ አስገባ። ሲጨርስ ከነመነጽሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

ወፍጮው ጸጥ አለ። አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ አልጠፋችም። ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻይ ጠጣን፣ ከወይዘሮ ዘርትሁን ሰፌድ ቆሎ ቆረጠምን። ኮተቤ ብሆን ኖሮ በአንድ ሶኬት ስንት ሰው በተጣላን ብዬ አሰብኩ። ስንነሳ እማማ ጥሩዬ ቤታቸው ደርሰው ተመለሱ፤ ጭድ ውስጥ የተሸጎጡ ሦስት እንቁላሎች ይዘው ነበር።

"ለአራሷ" አሉኝ። "ልጂቱን ደግሞ እማማ ጥሩዬ መንገድ ለቀውልሻል በያት።"

ደብረ ማርቆስ የደረስነው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ባጃጆች እንደ ንብ ይርመሰመሳሉ፤ ብርዱ ከአዲስ አበባ ክረምት አይተናነስም። እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመው ወንድማቸውን ሲያዩ ደረታቸውን ደቁ።

"ምነው ልጄ፣ በመኪና ነው በዱቄት ጆንያ ነው የመጣኸው?"

ጓዳ ስገባ ሕፃኗን ሰጡኝ። ትንሽ ናት፤ ግንባሯን የምትቋጥረው እንደ ይሄነው ነው። ማስተዋል አልጋዋ ላይ ሆና "እትዬ ሰናይት፣ አትደርሺም ብዬ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም" አለችኝ፣ ተያይዘን ተላቀስን። እትዬ ብርቄ ለእሁድ የታሰበውን ዶሮ አንድ እግር ካልቀመሳችሁ ብለው ግድ አሉ። ሁለት ጋቢ ደራርበውልን ተኛን።

እሁድ

የመልሱን ጉዞ አስቀድሜ ልጨርሰው፤ ከእሁድ በኋላ ሌላ ነገር መናገር አልፈልግም። ሰኞ ስንመለስ ሉማሜ ቆመን የክርስትናውን ድፎ ዳቦ ለወፍጮ ቤቱ አካፈልን፤ አያ ፈንቴ ስንዴያቸውን እያስፈጩ አገኘናቸው። መብራት በየቦታው ነበር፣ ምንም አልገጠመንም። ደህና ገባን።

እሁድ ማለዳ ግን ጭጋግ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ የወሰደን ይሄነው ነው፤ እኔ ልጂቱን ታቅፌ ከኋላ ከእናቷ ጋር ተቀመጥኩ። ያጠመቋት ቄስ ዲማ ገዳም ቅኔ የተማሩ፣ አንደበታቸው የተባ ሰው ናቸው። ሰይጣንን መካዱን በግእዝ አስደገሙኝ፤ እሷን ወክዬ እኔ ነኝ የምመልሰው። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር ዲያቆኑ ፈገግ አለ። ውሃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነከሯትና እየጮኸች፣ እየተንፈራገጠች፣ እርጥብ እንደሆነች እጄ ላይ አኖሯት። ማተቧን አሰርኩላት። ወለተ ጊዮርጊስ ተባለች።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱ መኪናዋን አይተው ይሄነውን ጠየቁት፤ እሱም አላስቻለውም፣ ስለዚያችኛዋም ጨመረላቸው። "ሃይድሮጅን ማለት እኮ አባ፣ በፈረንጅ አፍ ውሃ ወላጅ ማለት ነው" አላቸው።

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። "ውሃ ወላጅ አለ በለኛ። እኛ ዘንድ ደግሞ ወላጅ ውሃ አለ፤ ይቺን ልጅ ዛሬ ወለዳት። የኛው ማደያ ደግሞ በየደብሩ አለ።" ይሄነው እንዲህ ዓይነት መረታት ደስ ይለዋል፤ እጃቸውን ሳመና እየሳቀ መጣ።

ልጂቱ ግን አልሳቀችም። ቀዝቃዛው ውሃ ይሁን ቅብዓ ቅዱሱ፣ ለቅሶዋን አላቆም አለች። እናቷ ጡት ሰጠቻት፣ እምቢ። እትዬ ብርቄ እሹሩሩ አሏት፣ እምቢ። ማስተዋል ደክማ ስለነበር አንድ የዘመድ ልጅ በባጃጅ ቀድሞ ወሰዳት፤ እትዬ ብርቄም የድግሱን ቤት ለማየት አብረዋት ሄዱ። እኛም "እሷን ቀስ ብለን ይዘናት እንመጣለን" ብለን ቀረን። ይሄነው መሪውን ያዘ፣ እኔ ከነለቅሶዋ ከኋላ ገባሁ።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሞተር የሚንደቀደቅ የለም፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲንሸራተት ብቻ ይሰማል። ከሦስተኛው መታጠፊያ በፊት ልጂቱ ዝም አለች። ጣቴን ጨብጣ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ይሄነው በመስታወቱ አየንና በእጅጉ ዝግ አለ፤ ባጃጆቹ ጥሩምባ ሊነፉ ሲሉ እጁን አውጥቶ ይለምናቸው ነበር።

ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ለእልልታ ተሰልፈዋል። በመስኮቱ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እትዬ ብርቄ ገባቸው፤ ዞር ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ በአንድ በእግራቸው ጣት እየረገጡ መጥተው በመስታወቱ አይተዋት ተመለሱ። ወጡ በርዷል፣ ዳቦው ሳይቆረስ ቆይቷል፣ ማንም በሩን ክፈቱ አላለንም።

ይሄነው ከፊት ወንበር ቀስ ብሎ ዞረ። ፊቱ ላይ የማላውቀው ዓይነት ደስታ ነበር። ወደኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

"ሃይድሮጅኗም እኮ ድምፅ የላትም" አለኝ።

"ዝም በል" አልኩት፣ "ልጄን ትቀሰቅሳታለህ።"